ፈይሩዛ ሰላም የማትላቸው ሰዎች

ጅዳ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለወንድሜ ልጅ ለፈይሩዛ፤ የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ። ክረምቱን እንዴት አለፋችሁት? ገብሱ አሸተ? ብርዱስ እንደ ድሮው ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የጎደላችሁኝ እናንተና ጆሮዬ ብቻ ናችሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። የቀኝ ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ግራው ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ ያኮርፋል። ስለዚህ ስልክ ሲደወልልኝ ድምፁ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ ያልሰማሁትን ደግሞ አብራኝ የምትኖረው ኤፊ ጆሮዬ ሥር ትጮህልኛለች። በምኖርበት ቤት ስምንት የአርሲ ሴቶች ነን፤ ለእኔ የተነገረ ለስምንት ተነገረ ማለት ነው። በስልክ መጻፉም አልሆነልኝም፤ አንዱን ፊደል ስነካ ጎረቤቱ አብሮ ይመጣል። እስክሪብቶ ግን ያውቀኛል። እኔ በደርግ ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ድረስ በአማርኛ፣ እናንተ በቁቤ፤ ኮሌጅ ገብተሽ አማርኛሽን ባታቀኚው ኖሮ አክስትና ልጅ በአስተርጓሚ ነበር የምንጻጻፈው። ይህችን ወረቀት ለእረፍት የምትመጣ የበቆጂ ልጅ ታደርስልሻለች። አሽጌዋለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄን ነቢላን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሰላ ወንድሜ ቤት መጥተዋል። ልጁ ከሊፋ ይባላል። እናንተ ከተማ መንገዱ ዳር ጎሚስታ ያለው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ከእናቱ ጋር ከአቦምሳ የመጣው። ሶላቱን አያጓድልም፣ እናቱን ይጦራል፣ ጫትም አይቅምም አሉኝ። ነቢላም ወዳዋለች። አፏ አይናገርም እንጂ ስሙ ሲነሳ ድምጿ ይቀጥናል ብላኛለች ኤፊ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ከእናንተ ከተማ አንዲት ሴት መጣችና «ፈይሩዛ ለከሊፋ ሰላምታ ነሳችው» አለች። በገበያ ቀን፣ ፊት ለፊት ተገናኝታችሁ፣ ዓይንሽን መሬት ጥለሽ አለፍሽው አሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ተጣልተው ይሆናል ብዬ እተወው ነበር። ሴትየዋ ግን ጨምራ ምን አለች መሰለሽ? «ፈይሩዛ መንገድ ላይ ሰላም የማትለው ሰው የሰባት ቁጥር ሰው ነው። ይህን በከተማው የማያውቅ የለም።» ሰባት ቁጥር ማለት አንቺ የምትሠሪባት፣ የቫይረሱን መድኃኒት የምትሰጪባት ክፍል መሆኗን ነገሩኝ።

እኔ የሰው ደም ምን እንደያዘ አልጠየቅሁሽም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ከሊፋን ለምን ሰላም አላልሽውም? ሰላምታም ምስጢር ሆነ እንዴ?

ልጅቷ ስትመለስ ከመልሱ ጋር ትንሽ ጩኮ ላኪልኝ። የዚህ አገር ገብስ ገብስ አይመስልም። አላህ እጅሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

አዳዳሽ ሀሊሜ

*

አርሲ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለሀሊሜ፤ ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ግራ ጆሮዎንም ከኩርፊያው ይመልስልን። እኔ ደህና ነኝ። ስንዴው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ የኮምባይነር ተራ እየጠበቀ ነው። ብርዱ እንደሚያውቁት ነው።

ደብዳቤዎን ሰባት ቁጥር ውስጥ በሩን ዘግቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዳዳ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ከተማው እንደዚያ እንደሚል አላውቅም ነበር። ካርዱን የምቆልፍ፣ በመዝገቡ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር የምጽፍ፣ የሰው ስም ኮሪደር ላይ ጮክ ብዬ ጠርቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ስም ከዚህ ክፍል አልወጣም ብዬ እኮራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዚህ ሥራ ስንሠለጥን ከተሰጠን ትምህርት አንዱ፣ ታካሚን ከጤና ጣቢያው ውጭ ስታገኙ ቀድማችሁ ሰላም አትበሉ፣ እሱ ካላችሁ ብቻ መልሱ የሚል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «ይህችን ነርስ ከየት አወቅሃት?» ተብሎ እንዳይጠየቅ። ይህን የነገሩን ሰዎች ጎረቤት ከጎረቤት ሳይነጋገር በሚተላለፍበት ትልቅ ከተማ የኖሩ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ሰውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ በጥፊ ከመምታት ይብሳል፤ ይህን ለእርስዎ አልነግርም። እኔ ያልኩት የቀረውን ሰው እንደ አርሲ ልጅ ከብቱን ልጁን እየጠራሁ ሰላም ማለት፣ ታካሚዎቼን ደግሞ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ ነው። ሰው ቆጠረ። የደበቅኳቸው መስሎኝ በየመንገዱ ምልክት ሳደርግባቸው ኖሬአለሁ።

ስለ ጠየቁኝ ሰው አልመልስም። አለ አልልም፣ የለም አልልም። ተቆጥተው ይሆናል፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ። ዛሬ ስለ ጤነኛው «የለበትም» ብዬ ከጻፍኩ፣ ነገ ስለ ሌላው ዝም ስል ዝምታዬ ራሱ መናገር ይሆናል። ስለዚህ ስለ ማንም፣ ለማንም፣ ምንም። ነቢላን የሚያሳስባት ነገር ካለ ከኒካሁ በፊት ሁለቱ አብረው ይመርመሩ፤ ውጤቱንም አብረው ይዩ። ለሁሉም ሙሽራ የምለው ይህንኑ ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ማንንም ሰላም ማለት ትቻለሁ። ሁሉንም ሰላም ልበል ብዬ አስቤ ነበር። ግን «ባክሽ ስታገኚኝ አትወቂኝ» ብለው ቃል ያስገቡኝ አሉ፤ ምን ብዬ ቃሌን ላፍርስባቸው? ስለዚህ ሁሉንም እኩል አደረግኋቸው። ስኳር የሚሸጥልኝ ባለሱቁ ቱሳ «ደሞዝ ተጨመረልሽ እንዴ? አላየሽንም» ብሎ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ግን አልሳቀም። ኮራች እየተባልኩ ነው። ሠርግ ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። ይለምዱታል እላለሁ፤ የምለምደው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጩኮውን በፌስታል ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ። ለቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ፈይሩዛ

*

ጅዳ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይሩዛ።

ጩኮው ደርሷል። ቅቤው በዝቶበታል።

መልስሽንም አየሁት። አባትሽ ሲሞት አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ያን ጊዜ «ስለ ማንም፣ ለማንም፣ ምንም» ብዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያን ነጭ ጋውን ማን ይለብሰው ነበር? የሰው ወለል እየወለወልኩ ያስተማርኩሽ ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም፤ አልቆጥርም ብዬ መቁጠሬን ግን አውቃለሁ። ተቆጥቻለሁ። ሰው ሁሉ «የወንድምሽ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት፣ ምን አስጨነቀሽ?» ይለኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።

እንዳልሽው አስመረመርናቸው። ነቢላና ከሊፋ አሰላ አብረው ሄደው አብረው ወረቀት ተቀበሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው ተባለ። እሰየው ብዬ ልተወው ስል ልቤ እምቢ አለኝ። በወንድሜ በኩል አስጠየቅሁት። «ንጹሕ ከሆንክ ፈይሩዛ ለምን ሰላም አትልህም?» ምን መለሰ መሰለሽ? ምንም። ጫማውን እያየ ተቀመጠ አሉ። «አላውቅም» እንኳ አላለም፤ «እሷን ጠይቋት» ብሎ ተነሳ። ወረቀቱ ነጻ ነው፣ አፉ ግን ታስሯል። ወረቀት ደግሞ በዚህ ዘመን ይገዛል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። የሁለታችሁን አፍ ዝንብ አልደፈረውም፤ የእኔ ልጅ ግን መሐል ላይ ቀረች። እኔ እሷን ለአሥራ አራት ዓመት በስልክ ነው ያሳደግኋት። አንድ ጊዜ እንኳ ከጎኗ ቆሜ «ይህ ይሻልሻል፣ ይህ ይቅርብሽ» ያልኳት ነገር የለም። ቢያንስ ይህንን ልወቅላት።

ረመዳን ሳይገባ አንድ መስመር ጻፊልኝ። «አውቀዋለሁ፣ ምንም የለበትም» በይኝ፤ ኒካሁ ይታሰራል። ካልጻፍሽ ሽማግሌዎቹን እመልሳቸዋለሁ። ሌላ ነገር አትላኪልኝ። ጩኮም አልፈልግም።

ሀሊሜ

*

አርሲ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ ለሀሊሜ፤ ብቆጣም ባዝንም ከሰላምታ አልጀምርም ማለት አልችልበትም፤ የአላህ ሰላም በእርስዎ ላይ ይሁን። ረመዳኑን በጤና ያስጀምርዎ።

መልሴ የዘገየው ስለ ኮራሁ አይደለም። ደብዳቤዎ ጥር 22 ደረሰኝ። በማግስቱ ጧት ደም እየቀዳሁ ሳለ «አልቆጥርም ብዬ መቁጠሬን» የሚለው ቃልዎ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞር ነበር። ቀድቼ ስጨርስ መርፌውን ቀጥታ ሴፍቲ ቦክሱ ውስጥ መጣል ሲገባኝ ክዳኑን መልሼ ልከድነው ሞከርኩ። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን «መርፌ አይከደንም! እጅ የሚወጋው በመክደን ነው» እያልኩ የምጮህባቸው እኔ ነኝ። የግራ እጄን ጠቋሚ ጣት ወጋኝ። ጓንቱ ውስጥ ደም ታየ።

የማንን ደም እየቀዳሁ እንደነበር አልነግርዎትም። አያሰጋም ብዬ ግን አልዋሽዎትም፤ የሚያሰጋ ነበር። ጣቴን በወራጅ ውኃና በሳሙና ታጠብኩ፤ ሳልጨምቅ፣ ሳልፈትግ። ለኃላፊው አስታወቅኩ። ከአደጋ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ ክኒን አለ፤ ከሦስት ቀን ካለፈ ግን ዋጋ የለውም፤ በተቻለ ፍጥነት ተጀምሮ ሃያ ስምንት ቀን ይወሰዳል። ክኒኑ እኛም ጋ አለ። የእኔ ስም በእኛ መዝገብ ላይ ሲጻፍ ግን ከጽዳቷ እስከ ዘበኛው ስንት ዓይን እንደሚያየው ስለማውቅ በዚያው ቀን ሚኒባስ ይዤ አሰላ ወረድኩ። የሰው ምስጢር ጠባቂዋ የራሴን ይዤ ሸሸሁ።

እዚያ የተቀበለችኝ ፅዮን የምትባል ነርስ ናት። የጎጃም ልጅ ናት፤ በምደባ ነው የመጣችው፤ አብረን ሠልጥነናል። ደግ ሆነችልኝ። እጄን ይዛ አስለቀሰችኝ። የመጀመሪያው ምርመራዬ ነጻ ነበር፤ ግን ያ የድሮውን ነው የሚናገረው፤ የአሁኑን ለማወቅ ሦስት ወር መጠበቅ አለብኝ።

ክኒኑ ያቅለሸልሻል። ቤት ብቻዬን ነኝ፤ እየበላሁ አስመልሳለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ ሰላም ማለት ያቆመ ሰው ለማን ይናገራል? በሦስተኛው ሳምንት ክኒን ልጨምር አሰላ ሄድኩ። ስመለስ መናኸሪያው ውስጥ ፅዮንን ከሩቅ አየኋት። ያን ቀን ሰው ናፍቆኝ ነበር። እጄን አነሳሁ። ዓይኗን መሬት ላይ ጣለችና አልፋኝ ሄደች።

ትክክል ነበረች። እየጠበቀችኝ ነበር። እኔ ግን እጄን እንዳነሳሁ ረዳቱ «በቆጂ! በቆጂ!» እያለ ሲጠራ ቆሜ ቀረሁ፤ ሚኒባሱ አመለጠኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የእኔ ዓይን መሬት ሲያይ እነዚያ ሰዎች ምን ይሰማቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አዳዳ፣ ይበርዳል። ሌላ ቃል የለኝም።

አሁን ስለ ጥያቄዎ። ፅዮንም አክስት ይኖራታል። አክስቷ «ያቺ የአርሲ ልጅ ምን ሆና ነው የመጣችው?» ብላ ብትጠይቃት አትናገርም። ይህን ስለማውቅ ነው ክኒኑን ውጬ የማድረው። እሷ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ቀን፣ ለደግ ምክንያት አፏን ብትከፍት እኔ ዛሬ የትም ሄጄ አልታከምም ነበር። እርስዎ የሚጠይቁኝን መስመር አልጽፍም። ወረቀቱን አይተዋል፤ ይመኑት። በእኔ ዓይን ምክንያት የሰው ትዳር አያፍርሱ።

ይህን የእኔን ነገር ከፅዮንና ከኃላፊዬ በቀር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ደብዳቤውን ቀደው ይጣሉልኝ።

ፈይሩዛ

*

ጅዳ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለፈይሩዛ፤ አላህ ጣትሽን ይማርልኝ፣ ደምሽን ያጥራልኝ። በየሶላቱ ስለ አንዲት ጣት ዱዓ የማደርግ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ደብዳቤሽን ቀድጄ በአራት ቦታ ጥዬዋለሁ። ለኤፊ እንኳ አልነገርኩም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ስታነቢ አንድ ነገር እንኳ ጠብቄ እንደነበር እንድታውቂልኝ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በረመዳን አጋማሽ ነው። ሽማግሌዎቹን ግን ረመዳን ሳይገባ መልሻቸው ነበር። ነቢላ አለቀሰች። «እማዬ፣ እኔ ወረቀቱን አይቻለሁ» አለችኝ፤ እኔ ዓይንሽን አመንኩ፣ ወረቀቱን አላመንኩም።

ከኢድ በኋላ ስልክ ተደወለ። የከሊፋ እናት፣ አደ መርዲያ። እናንተ ገበያ ቅቤ የሚሸጡት። ቁጥሬን ከነቢላ ለምነው ነው። ገና ሰላም ሳንባባል «ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ። ኤፊ ስልኩን ይዛልኛለች፣ ድምፁ ተለቋል፣ ስድስቱ ሴቶች እዚያው ሽንኩርት ይከትፋሉ። እኔ ምን አልኩ? «አዎ፣ ብቻዬን ነኝ» አልኩ። ደንቆሮ ነኝ ማለት አፈርኩ። ኤፊን ውጪ ካልኳት ደግሞ የሚሉትን አልሰማም። ለልጄ ሕይወት የሚሆን ወሬ ነው፣ አያምልጠኝ አልኩ።

እሳቸውም ተናገሩ። ልጄ ንጹሕ ነው፣ ሕመሙ የእኔ ነው አሉ። ከአቦምሳ የወጣነው ለዚህ ነው፣ መድኃኒቴን ከዚያች ልጅ እጅ እየተቀበለ የሚያመጣልኝ እሱ ነው አሉ። «ይህን እኔ፣ ልጄ፣ ያቺ ልጅና አላህ ነን የምናውቀው። አሁን ደግሞ አንቺ። እናት ነሽና ለእናት ነገርኩሽ።» ይህን ሁሉ ኋላ ነው ያወቅሁት። በዚያች ሰዓት ግራ ጆሮዬ የሰማው ግማሹን ነው። «ምን አሉኝ?» ብዬ ኤፊን አየኋት። ኤፊ እንደ ልማዷ፣ ምስኪን፣ ጆሮዬ ሥር ጮኸች። «በሽተኛዋ እናትየዋ ናት! ቫይረሱ ያለው እሷ ላይ ነው!»

የሽንኩርቱ ቢላ ሁሉ ቆመ። አደ መርዲያም በስልኩ ሰምተዋል። ከዚያ ተዘጋ።

ሴቶቹን ለምኛቸው ነበር። ወላሂ ብለው ማሉልኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ በማግስቱ ከዐስር ሶላት በፊት ወሬው እናንተ ከተማ ደርሶ፣ ከእናንተ ከተማ ደግሞ «ሰምታችኋል?» ተብሎ ወደ እኛ ተመልሶ መጣ። አንቺ ስድስት ዓመት በጨርቅ ጠቅልለሽ የያዝሽውን እኔ በአንድ ስልክ በተንሁት። ጆሮዬን አልወቅሰውም። የዋሸው አፌ ነው።

ነቢላ ስልኬን አታነሳም። ከሊፋ ምን እንዳለ አላውቅም። አደ መርዲያ እንዴት እንደሆኑ የሚነግረኝ የለም፤ የምጠይቅበትም ፊት የለኝም። ስምንት ሴት በሚጮህበት ቤት ውስጥ አሁን ሁለቱም ጆሮዬ የሞተ ይመስለኛል።

ይቅር በይኝ። ለእሳቸውም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ከዚህ በኋላ ስለ ማንም ምንም አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ቢኖር ጣትሽ ደህና መሆኗን ብቻ ጻፊልኝ።

አዳዳሽ

*

አርሲ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳዬ ለሀሊሜ፤ ሰላምታዬና ናፍቆቴ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስዎ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ድንቹ ተተክሏል፤ ብርዱን አልነግርዎትም።

ጣቴ ደህና ናት። የሦስት ወሩ ምርመራ ነጻ ነው አለ። አልሐምዱሊላህ። ፅዮን ወረቀቱን ስትሰጠኝ ክፍሏ ውስጥ አቅፋኝ ብዙ ቆየች።

የቀረውን የምጽፍልዎት አደ መርዲያ «ጻፊላት» ስላሉኝ ነው። ባይሉኝ ይህም አይደርስዎትም ነበር።

ከሊፋ ለአጎቴ የላከው ቃል ይህ ነው። «እናቴን አደባባይ ላወጣ ቤት አማች አልሆንም። ነቢላ ምንም አላጠፋችም። አላህ የተሻለ ይስጣት።» ነቢላ እኔ ጋ መጥታ ሦስት ቀን ቆየች። አልጋዬ ላይ ግድግዳውን እያየች ተኛች። ስለ እርስዎ ክፉ አልተናገረችም፤ ደግም አልተናገረችም። ይጠብቋት።

አደ መርዲያ ገበያ መውጣት አልተዉም። ሰው ግን ቅቤያቸውን መግዛት ተወ። ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ቅቤውን በእንሰት ቅጠል ሸፍነው ከጧት እስከ ማታ ይቀመጣሉ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ሻጮች በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየራቁ ሄዱ። በቅቤ አይተላለፍም ብዬ ልጩህ? እሳቸው ደግሞ መድኃኒታቸውን አንድ ቀን ሳያጓድሉ የወሰዱ ሰው ናቸው፤ ቫይረሱ በምርመራ እንኳ አይታይም። እኔ ግን እንደ ወትሮዬ ነበርኩ። የቅቤ ተራውን ስድስት ዓመት ረግጬው አላውቅም፤ ከእሳቸው ጋር ዓይን ለዓይን እንዳንጋጠም በእህል ተራው ዞሬ ነው የማልፈው። ወሬው ከወጣ በኋላም በእህል ተራው ዞርኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ፈሪም ነኝ።

ባለፈው ወር ለክትትል መጡ። እርስዎን እንዳልከስስ ለመኑኝ፤ «እሷም እናት ናት፣ ስለ ልጇ ነው» አሉ። ይቅርታዎን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅር ብዬአለሁ አላሉኝም፣ አላልኩም አላሉኝም፤ እኔም አልጨምርልዎትም። ከዚያ መድኃኒታቸውን ወደ ዘንቢላቸው ከተው ሊነሱ ሲሉ እንዲህ አሉኝ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከተማው ሲሰላመኝ አንቺ ብቻ መንገድ ትቀይሪ ነበር። ለእኔ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። አሁን ከተማው መንገድ ቀየረ። አንቺስ አትመጪም?»

እሳቸው እንደወጡ ሥራ ጀመርኩ። በወሩ ውስጥ ወደ ሰባት ቁጥር የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። «ከእንግዲህ መንገድ ላይ የማገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም ልል ነው። የማውቀውንም የማላውቀውንም። ከሰዉ ሁሉ ጋር ትደባለቃላችሁ። ትፈቅዱልኛላችሁ?» አንዳንዱ አሰበበት። አንዱ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የመለሰልኝ። በመጨረሻ ሁሉም እሺ አሉ። ይህን መጠየቅ ከስድስት ዓመት በፊት ነበረብኝ፤ ሰውን እንዴት ልጠብቅህ ሳይሉ መጠበቅ ለካ እንዲህ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ገበያ ነበር። በቅቤ ተራው ገባሁ። «አካም ጅርቱ፣ አደ መርዲያ!» አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። እጃቸውን ዘረጉ። እሳቸው የእኔን እጅ፣ እኔ የእሳቸውን እየሳምን፣ ጉልበታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ላሞቻቸውን፣ የአቦምሳ ዘመዶቻቸውን፣ የስድስት ዓመቱን ሁሉ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም የእኔን ጠየቁኝ። ስለ እርስዎ ጆሮም ጠየቁኝ። «በቃሽ፣ ሰው ያይሻል፤ አንቺንም ከእኛ ይቆጥሩሻል» አሉኝ። «ይቁጠሩኝ» አልኩና አጠገባቸው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያ ያለፈውን ሰው ሁሉ ሰላም አልኩ። በስሙ እየጠራሁ፣ ስሙን የማላውቀውን ወንድሜ እህቴ እያልኩ። ቱሳ ደንግጦ ቆመና መለሰልኝ፤ ቆሞ ግን አልቆየም። አንዳንዱ ያልሰማ መሰለ። አንዲት አብራኝ የተማረች ሴት ልጇን ወደ ራሷ ስባ አለፈች። ምላሽ ያላገኘሁበትን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት። አደ መርዲያ አላዘኑም፤ «ብቻዬን ስቀመጥ ይበልጥ ይረዝማል ቀኑ» ብቻ አሉኝ።

ይቅርታዎን በእኔ በኩል አይላኩት፤ በስልክም አይደውሉላቸው። አንድ ቀን ከመጡ ያንን ጆንያ ያገኙታል፤ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገበያው ሊበተን ሲል አንድ ሰው መጥቶ ፊታችን ቆመ። ሁለታችንንም እጅ ስሞ ሰላም አለን፣ ዝናቡን አነሳ፣ ግማሽ ኪሎ ቅቤ አስመዝኖ ገዛ። የዚያን ቀን የተሸጠው ያ ብቻ ነው። አደ መርዲያ እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ሸኙትና «ይህ ደግሞ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም፤ ለእርስዎም አልጽፍልዎትም።

ፈይሩዛ